ከእሳቱ በፊት ቢላዋው፦ የዱር ጥንቸልን ለሥራ ውሾች በጥሬው ስለ ማዘጋጀት

(ለእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በኦሪት ሕግ ምክንያት ጥንቸልን በማእዱ አያቀርባትም፤ ለውሻው ብሎ ጥንቸል የሚገፍና የሚያሰናዳ ሰውም በአካባቢያችን ብዙ አይታይም። ታዲያ አንድ መምህር ስለ እንግሊዝ እረኞችና ስለ አውስትራሊያ አዳኞች ልማድ ለምን አንድ ሰዓት ይናገራል? መልሱ ቀላል ነው። ጥሬ ሥጋን ለውሻ ስለ መስጠት የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ጥሬ ይሻላል ወይስ የበሰለ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። የዱር ጥንቸል ጉዳይ ግን ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ ከታረደው እንስሳ የትኛው ክፍል ወደ ውሻው አፍ ይገባል? ማን ይለየዋል? መቼ? ይህ ጥያቄ ደግሞ ከእንግሊዝ ማሳ ተነሥቶ እኛው ግቢ ድረስ ይመጣል።

አስቀድሜ አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። አማርኛችን «ጥንቸል» በሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ይጠራል። በአገራችን ሜዳና ተራራ የምትሮጠው ሌፐስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያለች፣ ጉድጓድ የማትቆፍር፣ ግልገሎቿን ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው የምትወልድ ናት። ዛሬ የምንነጋገርባት ግን ኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ የተባለችው የአውሮፓ ጥንቸል ናት፤ ጉድጓድ እየማሰች በመንጋ ትኖራለች፣ ግልገሎቿንም ራቁታቸውንና ዕውር ሆነው ትወልዳለች። የትውልድ ስፍራዋ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለ ርስት በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ጥቂት ጥንቸሎችን ለአደን ብሎ ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የአካባቢ ሳይንስ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። በብሪታንያም ቢሆን ገበሬው ጥንቸልን የሚያያት እኛ ዝንጀሮን እንደምናይ ነው፤ ሰብል አጥፊ ናት። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ትታደናለች፣ ሥጋዋም ዋጋ አይጠየቅበትም። በግ ጠባቂ ውሻ፣ የአደን ውሻ ወይም ጥንቸልን ከጉድጓድ የምታስወጣውን ፌሬት የተባለች ቀጭን ለማዳ አውሬ ይዞ የሚሠራ ሰው ይህን ነጻ ሥጋ ለውሾቹ ቢሰጥ የሚገርም አይደለም። ልማዱ ፋሽን ሳይሆን የድህነትና የብልሃት ልጅ ነው። በፋብሪካ የተሠራ የውሻ ብስኩት ለንደን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው፤ ውሻው ግን ከዚያ በፊትም በግ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሞት በኋላ ሳይሆን ከሞት በፊት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህች ጥንቸል በምን ሞተች?» የሚል መሆን አለበት። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጥንቸልን ለመቀነስ ሶዲየም ፍሉሮአሲቴት፣ በተለምዶ አሥር-ሰማንያ ተብሎ የሚጠራው መርዝ፣ በጥቅም ላይ ይውላል። ውሻ ለዚህ መርዝ ከሁሉም እንስሳት ይልቅ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው፤ በመርዙ የሞተች ጥንቸል ሬሳ የበላ ውሻ ሊሞት ይችላል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ሞታ የተገኘች ጥንቸል ምንም ያህል ትኩስ ብትመስል ለውሻ አትሰጥም። ይህ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም።

ሁለተኛው የጤንነቷ ነገር ነው። ዓይኗ ያበጠ፣ ፊቷ የተነፋ፣ ከሰው የማትሸሽ ጥንቸል ብዙውን ጊዜ ሚክሶማቶሲስ ይዟታል። ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1950 በአውስትራሊያ ሆን ተብሎ ተለቀቀ፤ በ1952 አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም በርስቱ ላይ ለቀቀው፣ በዓመቱም ብሪታንያ ገባ። ቫይረሱ ውሻን አያሳምምም። ነገር ግን የተመነመነችና በሌሎች ባክቴሪያዎች የተወረረች እንስሳ መኖ አይደለችም፤ ትቀበራለች። ሦስተኛው የአገዳደሏ ዘዴ ነው። በርሳስ እርሳስ በሚበትን የአደን ጠመንጃ የተመታች ጥንቸል በሥጋዋ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ትሸከማለች። ውሻው በየዕለቱ የሚመገበው ከዚህ ከሆነ በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዝ ቀስ በቀስ የሚሠራ ነው። ስለዚህ በመረብ የተያዘች ወይም በአንዲት ጥይት ጭንቅላቷን የተመታች ትመረጣለች።

ጥንቸሏ እንደ ሞተች ገና ሳትቀዘቅዝ ከደረቷ ወደ ኋላ በኩል ሆዷ በአውራ ጣት ዝቅ እየተደረገ ይጫናል፤ ፊኛዋ ውስጥ የቀረው ሽንት ይወጣል። ይህን የረሳ ሰው በኋላ ፊኛውን በቢላዋ ሲወጋ ሥጋውን ያበላሸዋል። ቀጥሎ ሆዷ ይከፈታል። ጥንቸል ሣር በል ስለሆነች ከሰውነቷ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ዕውር አንጀት አላት፤ በውስጡ የሚብላላው ነገር ከሞት በኋላም መብላላቱን አያቆምም። በሞቃት ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ሆድ ዕቃዋ ሳይወጣ የቆየች ጥንቸል ሆዷ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠረኗም ይለወጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች እዚያው ሜዳ ላይ፣ ቢዘገይ በሰዓት ውስጥ፣ ጨጓራውንና አንጀቱን ያወጣሉ። ቢላዋው ቆዳውንና ስሱን የሆድ ግድግዳ ብቻ መቅደድ አለበት፤ የቢላዋው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አይጠቁም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የዛሬው ገለጻ ልብ ያለው እዚህ ነው። ሆድ ዕቃው በወጣበት ቅጽበት ሰውየው በእጁ ላይ መጽሐፍ ተከፍቶለታል። ጉበቱ ምን ይመስላል? ጠይምና ልሙጥ ከሆነ ደኅና ነው። ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም እባጭ ካለበት ሁለት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው አይሜሪያ ስቲዴ የተባለው የጉበት ኮክሲዲያ ነው፤ ይህ የጥንቸል ብቻ በሽታ በመሆኑ ውሻን አይዝም። ሌላው ግን የርሲኒያ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ እርሱ ወደ ውሻም ወደ ሰውም ይሻገራል። የበሽታ ምርመራ መምህራን ሁለቱን በማይክሮስኮፕ እንድትለዩ ያስተምሯችኋል፤ ልክ ነው። ሜዳ ላይ ቢላዋ ይዞ የቆመ ሰው ግን እንዲለይ አልጠብቅበትም። ነጠብጣብ ያለበት ጉበት ይጣላል፣ እንስሳዋም ከሲታ ከሆነች ሁለመናዋ ይጣላል። የሙያችን ትልቁ ጥበብ አንዳንድ ጊዜ ሰው እንዲለይ ሳይሆን እንዳይለይ መፍቀድ ነው።

ሦስተኛው ግኝት የውኃ ከረጢት ነው። በሞራው፣ በአንጀቱ ስስ ሽፋንና በጉበቱ ገጽ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህሉ፣ ጥርት ያለ ውኃ የቋጠሩ፣ አንዳንዴም እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ከረጢቶች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ እርሷ የትል ራስ ናት። ይህ ቴኒያ ፒሲፎርሚስ ነው፤ ስሙ ራሱ «አተር መሰል» ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ አድማጭ የዚህን ትል ዘመድ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም፤ የኮሶ ትል ወገን ነው። እኛ ቁርጥ በልተን ኮሶ የምንጠጣበት ምክንያት በበሬው ሥጋ ውስጥ የተደበቀች እጭ አንጀታችን ውስጥ ስላደገች ነው። ጥንቸሏና ውሻው በመካከላቸው ያላቸው ውል ይኸው ነው። ውሻ የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ ሣር ላይ ይጥላል፤ ጥንቸል ሣሩን ትግጣለች፤ እጩ ጉበቷን ሰንጥቆ ሆዷ ውስጥ ከረጢት ይሠራል፤ ውሻው ሆድ ዕቃዋን ሲበላ ከረጢቷ ትፈርሳለች፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥም እስከ 2 ሜትር ሊደርስ የሚችል ትል ሆና እንቁላል መጣል ትጀምራለች።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የእኛ ኮሶ ትል እጭ በጡንቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቁርጥ የሚበላ ሰው በቢላዋ አያመልጠውም። የዚህኛው እጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ የቀበረ ሰው፣ ሥጋውን በጥሬው ቢሰጥ እንኳ፣ የትሉን ዑደት ከወገቡ ሰብሮታል። ሆድ ዕቃውን እዚያው ሜዳ ላይ ጥሎ ሥጋውን በጥንቃቄ የቀቀለ ሰው ግን፣ ማታ ውሻው ወይም ቀበሮ መጥቶ ስለሚበላው፣ የእሳቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ጥሬነት ሳይሆን የትኛው ክፍል የሚለው ይቀድማል ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ቢላዋ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ቴኒያ ሲሪያሊስ የተባለ ሌላ የዚሁ ወገን ትል እጩን በሆድ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ ሥርና በጡንቻዎች መካከል ያስቀምጣል፤ ከረጢቱም እንቁላል እስኪያህል ሊያድግ ይችላል። ቆዳ ሲገፈፍ ጭኑና ጀርባው ላይ እንደ እብጠት ይታያል። ትንንሹ ግን ከዓይን ያመልጣል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ ያለው ሰው ሥጋውን የሚያበርደው። የኒውዚላንድ የበግ ገበሬዎች ለውሻ የሚሰጡትን የበግ ሥጋ በተመለከተ የሚከተሉት መመሪያ ጥሩ መለኪያ ነው፦ ቢያንስ 10 ቀን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች፣ ወይም መሐሉ 72 ዲግሪ እስኪደርስ መቀቀል። ተራ የቤት ፍሪዘር ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ አሥሩን ቀን ከጠበቁለት ሥራውን ይሠራል። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ግን ሥጋው መሐሉ ድረስ ከበረደ በኋላ ነው፤ ሃያ ጥንቸል በአንድ ከረጢት ተጨናንቆ ከገባ መሐል ያለው ለመብረድ ቀናት ይፈጅበታል።

ብርድ ትልን ይገድላል፤ ባክቴሪያን ግን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ከፍሪዘር ሲወጡ ይነቃሉ። ጤነኛ ውሻ ሳይታመም በዓይነ ምድሩ ሊያወጣቸው ይችላል፤ የሚታመሙት ውሻውን የሚያቅፉ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቱላሪሚያ ነው። በሰሜን አሜሪካና በስዊድን የታወቀ ሲሆን «የጥንቸል ትኩሳት» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ባክቴሪያው መጀመሪያ ከተለየበት ከካሊፎርኒያዋ ቱላሪ አውራጃ ነው። ጥቂት አሥር ተሕዋሲያን ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ፤ በበረደ የጥንቸል ሥጋ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ውሻው በአብዛኛው ይቋቋመዋል፤ የሚታመመው በተሰነጠቀ እጁ ቆዳ የሚገፍፈው ሰው ነው። በሽታው ባለበት አገር ያለ ጓንት ጥንቸል የሚገፍፍ ሰው ውሻውን እየመገበ ራሱን ለአደጋ ይሰጣል።

ስለ ምግብነቱ አጠር አድርጌ ላልፍ እወዳለሁ። የዱር ጥንቸል ሥጋ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስቡ እጅግ ጥቂት ነው። የሰሜን ዋልታ አሳሾች ጥንቸል ብቻ በልቶ መራብን «የጥንቸል ረሃብ» ይሉት ነበር፤ ቪልያልመር ስቴፋንሰን ስለዚህ ጽፏል። ቀኑን ሙሉ በተራራ ላይ የሚሮጥ ውሻ ኃይሉን በዋናነት የሚያገኘው ከስብ ነው፤ ስለዚህ ጥንቸል ብቻ የሚበላ የሥራ ውሻ ሆዱ እየሞላ ይከሳል። የበግ ወይም የከብት ስብ ይጨመርለታል። አጥንቱ ደግሞ መቅረት የለበትም፤ አጥንት የሌለው ሥጋ በፎስፈረስ የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ ነው፤ በተለይ ቡችላ ያለ አጥንት በሥጋ ብቻ ቢያድግ አጥንቱ ይለሰልሳል። የጥንቸል ጥሬ አጥንት ቀጭንና ተለማጭ ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ቀቅዬ እሰጣለሁ» የሚል ሰው አጥንቱን አስቀድሞ ይለይ። «ውሻ ተኩላ ስለሆነ ጥሬ ይብላ» የሚለውን ክርክር ግን አልቀበለውም። ኤሪክ አክሰልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ውሻ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚሠራ ዘረመል ከተኩላው በብዙ እጥፍ ይዞ ይገኛል። ውሻ ከእንጀራችን ፍርፋሪ ጋር አብሮን የኖረ እንስሳ ነው።

እንግዲህ ከጥንቸል ወደ በግ ልሻገር፤ ይህን ሁሉ ያልኩት ለዚህ ነውና። ቴኒያ ፒሲፎርሚስ ሰውን አያሳምምም። ከእርሱ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበውና በአንድ ዓይነት መንገድ የሚዘዋወረው ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ግን ያሳምማል። በውሻ አንጀት ውስጥ ያለው ትል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በሺዎች ሆኖ ቢኖርም ውሻው ምንም አይታወቀው። እንቁላሉን በእጁ፣ በውኃ ወይም በአትክልት የዋጠ ሰው ግን በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት እያደገ የሚሄድ የውኃ ከረጢት ይይዘዋል። ከረጢቱ በድንገት ከፈነዳ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ለበጉ ያለው ቦታ ጥንቸሏ ለአተር መሰሉ ትል ያላት ቦታ ነው፤ ለውሻው የሚሰጠውም ያው ሆድ ዕቃ ነው።

ሃራልድ ክራቤ የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ አይስላንድ ሄዶ ከመረመራቸው 100 ውሾች በ28ቱ ይህን ትል አገኘ። የበግ እረኛ አገር ነበረች፤ ሆድ ዕቃው የውሻ ድርሻ ነበር። ክራቤ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ለቤተሰቦች የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፣ «ከረጢት ያለበትን የእንስሳ ክፍል ቅበሩ ወይም አቃጥሉ» የሚል ፍሬ ነገር ያለው። ከዚያ በኋላ ሕጎች ወጡ፣ ትውልድ ከትውልድ በሽታው እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ያን ጊዜ ፕራዚኳንቴል አልነበረም፤ ፍሪዘርም አልነበረም። የዌልስ ታሪክ በተቃራኒው ያስተምራል፤ በ1980ዎቹ በደቡብ ፖዊስ ውሾች በየ6 ሳምንቱ በባለሙያ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር፣ ትሉም ቀነሰ፤ ዘመቻው ሲቆም ትሉ ተመልሶ መጣ። መድኃኒት ብቻውን ልማድን አይተካም።

በአገራችን ቄራዎች ሳንባና ጉበት እንዲወገዱ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ከረጢት ነው። በደቡብ ምዕራብ አርብቶ አደሮች ዘንድም የሰው በሽታ ሆኖ ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ነገር ግን ትልቁ ጥያቄ ያለው ቄራ ውስጥ ሳይሆን በፋሲካ ማግስት በየግቢው ነው። በጉ ታርዶ ተገፍፎ ሲሰቀል፣ የቤቱ እማወራ ጉበቱን ዱለት ልታደርገው ትመርጣለች፤ «ውኃ የቋጠረውን» ሳንባ ደግሞ «ለውሻው ስጡት» ትላለች። ሰው የማይበላውን ማወቋ ትክክል ነው። ያ ሳንባ ግን ለውሻው የሚሰጥ የመጨረሻው ነገር መሆን ነበረበት።

አሥር ቀን የሚያበርድ ፍሪዘር በአብዛኛው ቤት የለንም። ያለን ቢላዋ፣ ድስትና መቆፈሪያ ነው፤ እነዚህም ይበቃሉ። ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ መሰጠቱ የግድ ከሆነ ተቆራርጦ በፈላ ውኃ 30 ደቂቃ ይቀቀል፤ በበጎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህ ጊዜ አስፈላጊም በቂም መሆኑን አሳይቷል። እንጨት ከተወደደ ደግሞ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፣ ከላይም ድንጋይ ይጫንበት። ውሻው ጥሬ ሥጋ እንዲበላ ከተፈለገ ከረጢት የሌለበትን ጡንቻና አጥንት ይስጡት። የእኛ የኮሶ ትል እጭ በበሬው ሥጋ ውስጥ ቢኖርም ውሻው ውስጥ አያድግም፤ በዚህ በኩል ከእኛ ይልቅ ነጻ ነው።

ለመስክ ልምምድ የምትወጡ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ወደ ቀበሌዎች ስትሄዱ፣ ስለ ትሉ የላቲን ስም አትንገሯቸው። የታረደ በግ ሳንባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከረጢቱን በምላጭ ሰንጥቃችሁ በውስጡ ያለውን አሸዋ መሳይ ነጭ ደለል በብርጭቆ አሳዩአቸው። ያ ደለል እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ የትል ራስ እንደሆነና ውሻው ሲበላው ምን እንደሚከተል ንገሯቸው። ጓንት ማድረጋችሁን አትርሱ፤ የተጠቀማችሁበትንም ሳንባ ከመመለሳችሁ በፊት እነርሱ እያዩ ቅበሩት።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።